ማንም የማይልከው ልጅ

እኔ ያደግኩት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። እዚያ ልጅን የሚልከው የወለደው ብቻ አልነበረም። ያየው ሁሉ ይልከው ነበር። «አንቺ ልጅ፣ እሳት ጭረሽ ነይ።» «ሂጂና እነ እማማን ቡና ጠጡ በያቸው።» «ይቺን ሰፌድ አድርሺልኝ።» እምቢ ማለት የለም። እምቢ ካልሽ ወሬው ካንቺ ቀድሞ ቤት ይገባል። ያኔ የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ማንም የማይልከኝ አገር መሄድ።

እንዲህ ያለ አገር እንዳለ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ራሴ ለጥቂት ቀን ደርሼ መጣሁ። ቀጥሎ ደግሞ አንድ ጎረምሳ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብሎ እዚያ አገር ሲኖር አየሁት።

ከራሴ ልጀምር። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ሻንጣ ማሰር ጀመረ። እኔም ማሽኖቼን በጨርቅ ሸፍኜ፣ ሱቄን ቆልፌ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ የአጎቴ ልጅ ቤት ገባሁ። ሚስቱ ደግ ሰው ናት። አልጋቸውን ለቀቁልኝ። እነሱ ሳሎን ፍራሽ አንጥፈው ተኙ።

በሁለተኛው ቀን ሰሃን ላጥብ ብዬ ተነሣሁ። «እንዴ! ተይው፣ አንቺ እንግዳ ነሽ» አለችኝ። ሽንኩርት ልክተፍ አልኩ። «ምን በወጣሽ!» አለችና ቢላውን ነጠቀችኝ። በአምስተኛው ቀን ጎረቤት ለቅሶ ሊደርሱ ሲነሡ ነጠላዬን አንስቼ ተከተልኳቸው። «አንቺማ ዕረፊ» ብለው መለሱኝ። ቴሌቪዥን ከፍተውልኝ ሄዱ። ያን ቀን ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩ። ማን በደለሽ ብትሉኝ ማንም። እንዲያውም በሕይወቴ እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም።

እንግዳ ተቀባይ ነን ብለን እንኮራለን። ውሸት አይደለም፣ ነን። አያቴ ሲነግሩኝ ድሮ የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል። መደቡ ይለቀቅለታል። ግን ይህ ሁሉ እንግዳው ሲነጋ ይሄዳል ተብሎ ነው። የማይሄድ እንግዳ ምን እንደሚደረግ አያቴ አልነገሩኝም።

እኔ በ11ኛው ቀን ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ነገሩንም ረሳሁት።

የዚያው ዓመት ክረምት ላይ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሰዎች ሱቄ መጡ። ጠባሴ አካባቢ ትንሽ ልብስ ስፌት ቤት አለችኝ፤ ሁለት ማሽን፣ አንድ ኦቨርሎክ፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ። ሰዎቹ፣ ከወለጋ ተፈናቅለው ከተማችን መጠለያዎች ውስጥ ካሉት ወጣቶች አንድ አንዱን የሚይዙ ባለሙያዎች እንፈልጋለን አሉ። ሙያ ማስተማር ብቻ አይደለም። ማማከር፣ ማበረታታት፣ ከከተማው ጋር ማላመድ። «ሜንተር» ነው የሚሉት። የአንድ ቀን ሥልጠና አለው። አበልም አለው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የሄድኩት ለአበሉ ነው።

ሥልጠናው ላይ ሻይ በኬክ ጠጣን። ፍሊፕ ቻርት ላይ ብዙ ቀስት ተሣለ። ጥሩ ነገር አልተነገረም አልልም፤ ልጁ ሲናገር አታቋርጡት፣ ድምፃችሁን ከፍ አታድርጉ፣ የደረሰበትን ነገር ካልጀመረላችሁ አትጠይቁ ተባልን። የመጨረሻውን እስከ ዛሬ አጥብቄ ይዤዋለሁ። ሲያልቅ ፎርም ተሰጠን። በሳምንት ስንት ጊዜ ተገናኛችሁ? ስለ ምን ተወያያችሁ? የወጣቱ በራስ መተማመን ከ1 እስከ 5 ስንት ነው?

በማግስቱ ልጁ መጣ። ስሙን አልጽፍም። እኔ ጎረምሳው ነው የምለው። 16 ዓመቱ ነበር፤ 10ኛ ክፍል። የመጣው ከምሥራቅ ወለጋ፣ ከጊዳ አያና ነው። በቆሎና ማንጎ የሚበቅልበት፣ አንገር ወንዝ የሚወርድበት ቆላማ አገር። እኛ ዘንድ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። የደብረ ብርሃን ነሐሴ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ልጁ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ቆሟል።

ጃኬት ገዛሁለት። ደብተር ገዛሁለት። ምሳ አበላሁት። በር አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ጀርባው ቀጥ ብሎ፣ ጉልበቱ ገጥሞ፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው። «ብላ» ስለው ይበላል። «ጠጣ» ስለው ይጠጣል። ለሁሉም «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» ይላል። ልጥለፍ፣ ልተኩስ፣ ልጥረግ ሲለኝ «ተወው፣ አንተ ትምህርትህን አንብብ» እለዋለሁ። ፎርሙ ላይ በራስ መተማመን 4 ብዬ ሞላሁ። ለምን 4 እንዳልኩ እኔም አላውቅም። 5 ማለት ትዕቢት መሰለኝ።

ሦስት ወር እንዲህ ሄደ።

ከዚያ አንድ ቀን የድርጅቱ ሰዎች ለጉብኝት መጡ። ካሜራ የያዘ ሰውም ነበር። ደንበኞች ሱቁን ሞልተውታል። እኔ ደስ ብሎኝ ትከሻውን ያዝኩና «ይኸውላችሁ፣ ከወለጋ የተፈናቀለ ልጅ ነው። ምንም አልነበረውም። እኔ ነኝ የያዝኩት» አልኩ። መቀስ አስይዘው ፎቶ አነሡት። በሕይወቱ ያን መቀስ ነክቶት አያውቅም፤ እኔው አላስነካሁትም።

በማግስቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። 19 ቀን ቆጠርኩ።

በ20ኛው ቀን መጠለያው ሄድኩ። ቻይና ካምፕን፣ ባቄሎን ከሩቅ ነበር የማውቃቸው። ከተማው ውስጥ ኖረሽ የከተማሽን ግማሽ ከባጃጅ መስኮት ብቻ ማየት ይቻላል። እናቱ ከሸራው ቤት ወጥተው ተቀበሉኝ። «አሞት ነው፣ እትዬ» አሉ። እሳቸውም እኔም ውሸት እንደሆነ እናውቃለን። ያለቻቸውን አንዲት ዱካ አስቀመጡኝና ከየት እንዳመጡት የማላውቀውን ቡና መቁላት ጀመሩ። ልርዳዎት ብዬ ከወገቤ ብድግ አልኩ። «ይቀመጡ፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት» አሉኝ።

ልጁን ያየሁት ዱካዬ ላይ ሆኜ ነው። እሱ አላየኝም። በሁለት እጁ ሁለት ጀሪካን ይዞ ከቦኖው ይመጣል። አንድ ሽማግሌ ከሸራቸው ብቅ ብለው «አንተ! ያቺን ገመድ አምጣልኝ» አሉት። ጀሪካኑን አስቀምጦ ገመዱን ሰጣቸው። አንዲት ሴት ሕፃን አቀበለችው፤ አዝሎ ቆመ። ሌላዋ በኦሮምኛ ጮኸችበት፤ እየሣቀ መለሰላት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አምስት ሰው ላከው። ወገቡ እንደዚያ ሲታጠፍ፣ አፉ እንደዚያ ሲናገር አይቼ አላውቅም። እኔ ሱቅ ውስጥ ሦስት ወር ሙሉ ያስቀመጥኩት ልጅ ይሄ ነው?

የአጎቴ ልጅ ሚስት ትዝ አለችኝ። ቢላዋን ነጥቃኝ የነበረችው።

ይቅርታ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን እናቱ ፊት ነገሩን ማንሣት ሁለተኛ ማዋረድ መሰለኝ። ሲያየኝ ደንግጦ ቆመ። «ነገ 3 ሰዓት ላይ ድረስልኝ። የሰርግ ልብስ ተደርቦብኛል። ክር የሚገዛልኝ ሰው የለም» አልኩት። ሰርጉስ እውነት ነበር።

መጣ። ከወይን ጠጅ ቀለም ጨርቅ ቁራጭ ቆርጬ ሰጠሁት። «የዚህን ዓይነት ክር አምጣ።» ሄደ። ቀይ ይዞ መጣ። ቀይ! የበግ ደም የመሰለ ቀይ። ሥልጠናው ሁሉ ጠፋብኝ። «ይሄ ነው የወይን ጠጅ? ዓይንህን ምን ጋረደው? አሁኑኑ መልሰህ ሂድ!» ብዬ ጮኽኩበት። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሴቶች ጸጥ አሉ። አንደኛዋ በዓይኗ ቆጣችኝ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ሲወጣ ከንፈሩ ጥግ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ሣቅ ነው ብዬ አልምልም። ወደ ሣቅ የሚሄድ ነገር ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ያመጣው ክር ልክ ነበር።

ስዊድን የሚኖር የእህት ልጅ አለኝ። በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በባሕር አድርጎ እዚያ ሲደርስ 16 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. 2015 ነው። በዚያ ዓመት ብቻ ስዊድን ውስጥ ያለ ወላጅ የመጡ ከ35,000 በላይ ልጆች ጥገኝነት ጠይቀዋል። ያኔ ደውሎ «አክስቴ፣ ጉድ ማን ሰጡኝ» አለኝ። እኔ ደግሞ «ምን ጉድ? ማን ሰጠህ?» እላለሁ። ስንግባባ ነገሩ ለካ ማዕረግ ነው። በስዊድንኛ «ጥሩ ሰው» ማለት ነው። ብቻውን የመጣ ልጅ 18 እስኪሞላው የወላጁን ቦታ ተክቶ በሕግ የሚቆምለት ሰው ይመደብለታል። ወረቀቱን ይፈርማል። የጥገኝነት ጉዳዩ ሲታይ አብሮት ይቀመጣል። አብሮት ግን አይኖርም።

የእህቴ ልጅ ጉድ ማን ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በየጊዜው ይመጣል፣ ፎርም ይሞላል፣ ይሄዳል። እንደኔው መሆኑ ነው። ልጁ 18 ሲሞላው የሰውየው ሥራ በሕግ አበቃ። እጅ ተጨባበጡና ተለያዩ። ልጁም «አሁን ማንም የለኝም» ብሎ ደወለልኝ። እዚህ ሆኜ ምን አደርጋለሁ? ጸልይ አልኩት።

በሁለት ሳምንቱ ስልኩ ጮኸ። ሰውየው ነው። «ክረምቱ ሳይገባ ጀልባዬን ከውሃ ማውጣት አለብኝ። ብቻዬን አልችልም። ቅዳሜ ና» አለው። ልጁ ባሕርን ከዚያ ጎማ ጀልባ በኋላ ቀርቦት አያውቅም። ሄደ። ገመድ ሳበ። እጁ ተላጠ። ሰውየው አልከፈለውም፤ ሾርባ አበላው። በሚቀጥለው ዓመትም ጠራው። አሁን ዓመት በዓመት ይሄዳል። «አክስቴ፣ ያ ሰው ፎርም ሲሞላልኝ ጥሩ ሰው ነበር። ጀልባውን ካወጣሁለት በኋላ ነው የኔ ሰው የሆነው» ይለኛል።

ይህን ሲነግረኝ ብዙም አልገባኝም ነበር። ጀልባ ምን ይሠራልኛል? መጠለያው ደርሼ ከመጣሁ በኋላ ነው ተመልሼ የደወልኩለት። «እስቲ ያን የጀልባውን ነገር ድገምልኝ» አልኩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። መላክና ማሠራት አንድ አይደለም። «ልጅ አሳድጋለሁ፣ አስተምራለሁ» ብሎ የሰውን ልጅ ያለ ደመወዝ ገረድ የሚያደርግ ሞልቷል። የተፈናቀለ ልጅ ነው፣ አይከራከርም ተብሎ በግማሽ ክፍያ ብሎኬት የሚያሸክሙትም አለ። ሥራ ከሆነ ይከፈላል። ጎረምሳው ዘምዘማ መዘምዘም፣ ዚፕ መቀየር ከጀመረበት ቀን አንስቶ በቁራጭ እከፍለዋለሁ። ክር ግዛ፣ ቡና ጥራ፣ በር ዝጋ ሲባል ግን ክፍያ የለውም። የገዛ ልጄም አይከፈላትም። እሷ ደግሞ ከሱ የባሰ ታጉረመርማለች።

መንዝ ውስጥ ሰው ሲገናኝ የሚጠየቀው «ማን ትባላለህ» አይደለም። «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ጓሳን የምታውቁ ትኖራላችሁ። ሣሩን ለቤት ክዳን፣ ለገመድ የምናጭድበት ደጋ። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ተጠብቆ የኖረ ነው። ማጨድ የሚችለው የአቅኚ አባቶቹ፣ የአስቦና የጌራ ዘር ነኝ ብሎ የሚቆጥር ሰው ነበር። ካልቆጠርክ ማጭድህን ይዘህ ትመለሳለህ። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ጥያቄው ግን አልፈረሰም። እኔ ራሴ ጎረምሳውን በመጀመሪያው ቀን የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። «የማን ልጅ ነህ?»

መልሱ ረዥም ነው። አያቱ የወሎ ሰው ናቸው። በ1977 ድርቅ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ ሰው እያነሣ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር ወለጋ ከወረዱት ናቸው። ያኔ በጠቅላላው ወደ 600,000 የሚሆን ሰው ነው የተነሣው። አባቱ ያደገው እዚያ ነው። እሱ የተወለደው እዚያ ነው። የእግር ኳስ ጓደኞቹ በሙሉ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ታዲያ አያቱ 37 ዓመት ኖረውበት እዚያ የሚጠሩት «ሰፋሪ» ተብለው ነው። ልጁ ደግሞ ያገርህ ሰው ነው ወደተባለበት ሲመጣ «ተፈናቃይ» ተባለ።

ልብስ ስሰፋ እጄ እንጂ ጭንቅላቴ ሥራ ስለሌለው ቃል ማገላበጥ እወዳለሁ። ሰፈር፣ ሰፋሪ፣ ሰፈራ። ሁሉም ከ«ሰፈረ» የመጣ ነው። ሰፈር ማለት ድሮ ሠራዊት ድንኳን የሚተክልበት ቦታ ነው፤ ዛሬ በፈረንጅኛ ካምፕ የምንለው መሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን ራሷ ምን ነበረች? በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰፍረው፣ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ተክለው፣ ቤተ መንግሥት ሠርተው የቀሩባት ቦታ ናት። ሰፈር ነበረች። እኛ የሰፈር ልጆች ነን ብለን ደረታችንን እንነፋለን፤ እነሱን ሰፋሪ እንላለን። ያው ቃል ነው።

ሕጉ ደግሞ ሌላ መስመር ያሰምራል። ድንበር ከተሻገርክ ስደተኛ ነህ፤ እ.ኤ.አ. የ1951 ስምምነት አለህ፣ እኛም አገር በ2011 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 አለ። ድንበር ካልተሻገርክ ተፈናቃይ ነህ። ለተፈናቃይ እ.ኤ.አ. በ2009 ካምፓላ ላይ የአፍሪካ አገሮች የተስማሙበት ሰነድ አለ፤ ኢትዮጵያም በእኛ አቆጣጠር በ2012 አጽድቃዋለች። የእህቴ ልጅና ጎረምሳው በሕግ ዓይን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን በቪዲዮ አገናኘኋቸው። ሰላምታ ተለዋወጡና ስለ አርሴናል 40 ደቂቃ አወሩ። እኔን ረሱኝ።

ከክሩ በኋላ መላኩ በረከተ። ቡና ሲፈላ ጎረቤት የሚጠራው እሱ ሆነ። መጀመሪያ አንዲት ጎረቤቴ እማማ ብቅ ብለው «ይሄ ማነው?» አሉ። «የኔ ልጅ ነው» አልኩ፤ ነገሩን ለማሳጠር። በሳምንቱ እማማ ራሳቸው «አንተ የሷ ልጅ፣ ና ይቺን ማዳበሪያ አሸክመኝ» ብለው ጠሩት። ከዚያ በኋላ ፈቃዴን የሚጠይቅ ጠፋ። ማሽን ላይ ተቀምጦ እያለ ባለ ሱቁ ይልከዋል፣ ባለ ካፌዋ ትልከዋለች። «ሥራ ላይ ነው እኮ!» ብዬ መጮኽ የጀመርኩት እኔ ነኝ።

አንድ ገበያ ቀን አንዲት ሴት መጣች። ከአብቹና ኛኣ በኩል ነው። አማርኛዋ እምብዛም ነው፤ የኔ ኦሮምኛ ደግሞ ከዚያ የባሰ። ቀሚሷን ትጎትታለች፣ እጇን ታወራጫለች፣ ማጥበብ ይሁን ማስረዘም አይገባኝም። ጎረምሳው አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሏል። ኦሮምኛ እንደሚችል እዚህ ከተማ ውስጥ ደብቆ ነው የኖረው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። በመጨረሻ ግን አላስቻለውም። ቀና ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ማን ያቁማቸው! ቀሚሱ እጅጌው ላይ ይያዝ ነው ለካ።

ያን ዕለት ማታ «ጉዲፈቻ የናንተ ቋንቋ ነው አይደል?» አልኩት። «አዎ፣ ጉዲሱ ማለት ማሳደግ ነው» አለኝ። የሰው ልጅ ወስደን ስናሳድግ፣ ፍርድ ቤት ሄደን ስንፈርም ሳይቀር፣ በኦሮምኛ ነው የምንጠራው። አያቴ ሌላም ይሉ ነበር፤ «የጡት ልጅ»። ጣት ማር ተቀብቶ ይጠባል፣ ከዚያ ወዲያ ልጅ ነህ። ይህን ነገርኩት። «ማር ውድ ነው አሁን» አለኝ። ቀልድ መጀመሩ ነው።

ሴትዮዋ በቀጣዩ ገበያ ሁለት ሴቶች አስከትላ መጣች። በሩ ላይ ቆማ እኔን አልፋ ወደ ውስጥ እያየች «ልጁ የታል?» አለች።

ሁሉም ነገር ቀና ማለቴ አይደለም። ከዚያ በኋላ አካባቢያችን ውስጥ የሆነውን ታውቃላችሁ። መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ሲቋረጥ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ብዙ ወር አለፈ። ስዊድን ያለውን ልጅ ድምፁን ሳልሰማ የከረምኩበት ጊዜ ነበር። የድርጅቱ ፕሮጀክትም በስድስት ወሩ አለቀ፤ የመጨረሻውን ፎርም የሚወስድ ሰው ስላልመጣ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ጎረምሳው ሌሊት እየባነነ ይጮኻል ብለው እናቱ ነግረውኛል። ለሱ የሚሆን መድኃኒት እኔ የለኝም። ክር ግዛ ማለት ያንን አያድንም። ሐኪም ቤት አብሬው ሄጃለሁ፤ የቀረውን የሱ ነውና አልጽፈውም።

አንድ ሌሊት ግን ጡሩምባ ተነፋ። የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ አርፈው ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስደርስ የእድሩ ድንኳን ሊተከል ነው። ጨለማ ነው፣ ውርጭ ነው፣ በትንፋሽ ጭስ ሰው አይተያይም። ከወጣቶቹ መሐል አንዱ ምሰሶውን አቅፎ ቆሟል። አንድ ድምፅ «አንተ ጠብደል! ወደ ግራ አልኩህ እኮ! ግራህን አታውቅም?» ይላል። ምሰሶው ወደ ግራ ሄደ። ማን እንደሆነ ያወቅኩት በጃኬቱ ነው። እኔ የገዛሁለት ነው፤ እጅጌው አጥሮታል። እኔ አልጠራሁትም። ማን ጠራህ ብዬ ኋላ ስጠይቀው «ጡሩምባ ተነፋ እኮ» አለኝ፤ ምን ትጠይቀኛለች በሚል ዓይነት።

በ2017 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወሰደ። እንደ አብዛኛው ልጅ 50 በመቶ አላመጣም። ሁለት ሳምንት ፊቱን አጥቁሮ ከረመ። ከዚያ አዲስ አበባ መርካቶ አካባቢ ስፌት ቤት ሥራ አገኘሁ አለ። እኔ አይሆንም አልኩ። ደግመህ ተፈተን አልኩ። እናቱም አልቅሰው ለመኑት። አልሰማንም። ሲሄድ ሱቁ ሰፋብኝ። አግዳሚዋ ላይ የጨርቅ ጣቃ ከምሬባታለሁ።

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ትናንት ማታ ነው። ዛሬ ጠዋት ልጨርሰው ስል ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ፣ ስሚማ።»

«ደህና አደርክ ይባላል መጀመሪያ።»

«ደህና አደርሽ። ያቺ የ10ኛ ክፍል ካርዴ መሳቢያሽ ውስጥ የለችም? ማታ ትምህርት ልመዘገብ ነው፤ ፎቶ ኮፒ አንቀበልም አሉኝ። መናኸሪያ ሄደሽ ለአንድ ሚኒባስ ሹፌር ስጪልኝ። ዛሬ ነው ታዲያ፣ ነገ አይሆንም።»

«ስንት ሥራ ተደርቦብኝ!»

«የሚኒባሱን ታርጋ ጻፊልኝ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ድረሺ።»

ስልኩን ዘጋው። መሳቢያውን ጎተትኩ። ካርዷ ከዚያ ፎርም ሥር ናት። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ በሩን ለልጄ ትቼ እየሮጥኩ ነው።